ባለ ጠርዙ ጋሻ

ጋሽ ሽሻይ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በገዛ ቤታቸው ምድር ቤት ተገደሉ፤ እሑድ ጠዋት የልጅ ልጃቸው ሚኪኤል ተያዘ፤ ያስያዘችው እናቱ ናት።

መርማሪ ምሥራች ይህን ከሳጅኑ በስልክ የሰማችው ካልጋሪ ከተማ ማርቲንዴል ሰፈር ደርሳ ከሟቹ ቤት ፊት ለፊት መኪናዋን ፓርክ ስታደርግ ነው።

«ነገ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ በግድያ እንከሰዋለን» አለ ሳጅኑ። «አንቺን የላክሁሽ ቋንቋውን ስለምታውቂ ነው። የጎደለ ነገር ካለ ሙዪ። ፋይሉን ግን አትበትኝብኝ።»

«ልጁ አምኗል?»

«አላመነም። እናትየው ግን ቤት አልነበረም ብላለች። እናት ናት፣ ምሥራች። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ምሥራች ስልኩን ዘጋች። ነገሮች ቶሎ ሲያልቁ ደስ የማይላት ሰው አይደለችም፤ እንዲያውም የሚንዛዛ ነገር ያናድዳታል። ይኼኛው ግን ከመጀመሩ አለቀ።

ምድር ቤቱ የሠዓሊ ክፍል ነው። ጋሽ ሽሻይ በወጣትነታቸው አስመራ ውስጥ አንድ ጣሊያናዊ የሱቅ ሰሌዳ ሠዓሊ ዘንድ ተቀጥረው ነበር፤ ካልጋሪ ከመጡም በኋላ ጡረታ እስኪወጡ በዚሁ ሥራ ኖሩ። ሬሳው ተነሥቷል። ቀለም የሚፈጩበት የእብነ በረድ ድንጋይ አሁንም ወለሉ ላይ ነው፤ ጫፉ ላይ የተቀባው ግን ቀለም አይደለም።

አንዱን ግድግዳ ሙሉ በሙሉ የያዘው ጣሊያንን የገዙት የሳቮያ ነገሥታት የዘር ሐረግ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ከነበረው ከኡምቤርቶ ባለ ነጭ እጅ ይጀምርና አሜዴኦ፣ ካርሎ፣ ቪቶሪዮ እያለ ይወርዳል፤ ያንኑ አምስት ስድስት ስም እንደ ቅርስ እየተቀባበሉት። መጨረሻው ጣሊያን ነገሥታቷን ያባረረችበት ዓመት ነው። ሰውየው የተወለዱትም በዚያው ዓመት ነው። በእያንዳንዱ ስም ሥር ትንሽ ጋሻ ተሥሏል፦ ቀይ መደብ፣ ነጭ መስቀል። አንዳንዱ ጋሻ ግን ዙሪያውን ጠርዝ አለው። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ከጥግ እስከ ጥግ የሚያቋርጥ ሰያፍ መስመር ተሰምሯል።

ከግድግዳው ሥር ሦስት ሰሌዳዎች ተደግፈው ቆመዋል፤ ሦስቱም አረንጓዴ መደብ ላይ የተከፈተ መጽሐፍ የተሣለባቸው ናቸው። «ወልዴ» የሚለው ምንም ጭማሪ የለውም። «ማትያስ» የሚለው ከመጽሐፉ በላይ ባለ ሦስት እግር ሰማያዊ አግዳሚ አለው። «ፀሎት» የሚለው ጋሻ ሳይሆን እንደ አልማዝ የቆመ ባለ አራት ጎን ነው። ምሥራች በጓንቷ ነካቻቸው። ደረቅ ናቸው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት የቀለም ቆርቆሮዎች ክዳናቸው እንደተከፈተ ቀርቷል፤ አንዱ ወርቃማ፣ አንዱ ሰማያዊ። ብሩሾቹ አልታጠቡም። ወርቃማ ቀለም ግን ከሦስቱ ሰሌዳዎች በአንዱም ላይ የለም።

ጥግ ላይ ለሁለት የተሰበረ አራተኛ ሰሌዳ ወድቋል። ግመልና የዘንባባ ዛፍ፣ በላያቸው ሰያፍ መስመር። ከሥሩ «ሚኪኤል» ይላል።

*

ሓዳስ ፔንብሩክ ሜዶውስ ውስጥ በምትኖርበት ቤት ሳሎን፣ ከመጦሪያ ቤት ሥራዋ የለበሰችውን ዩኒፎርም ሳታወልቅ ተቀምጣ ነበር። የጋሽ ሽሻይ ብቸኛ ልጅ ናት። ሚኪኤል የሚኖረው ከእሷ ጋር፣ ምድር ቤት ባለው ክፍል ነው።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት።»

«አሜን። ቁጭ በይ፣ ልጄ። ሌሎቹን ነግሬያቸዋለሁ እኮ።»

«ለእኔም ይንገሩኝ። ቅዳሜ ስንት ሰዓት ገቡ?»

«ከሺፍት ስምንት ሰዓት ገባሁ። ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም።»

«ወርደው አይተዋል?»

«አልኩሽ እኮ፣ ጠራሁት።»

«ወይዘሮ ሓዳስ፣ ወርደው አይተዋል ወይ?»

ሓዳስ እጇን ጭኗ ላይ አጣጠፈች። «አላየሁም። ምን ያስፈልጋል? ዓርብ ዕለት አባቴ ላይ ሲጮህ እዚያው ነበርኩ። 'እገድልሃለሁ' ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።»

«በምን ተጣሉ?»

«በዚያ በተረገመው ጋሻ ነዋ! አባቴ አያቱን ያስገረፉትን ነገሥታት ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሲያያቸው ይውላል። 'ምን አደረጉልህ?' ስለው 'አልወዳቸውም፣ የወለዱትን ሳይጽፉ አለማደራቸውን ነው የምወደው' ይለኛል። ከዚያ የእነሱን ሕግ አምጥቶ የገዛ የልጅ ልጁ ላይ ሠራው። እኔ ከሚኪኤል አባት ጋር አልተጋባሁም። ሰያፉ መስመር የዚያ ምልክት ነው።»

«ልጅዎ ይህን ማድረግ የሚችል ይመስልዎታል?»

«አባቱ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል አስተኝቶኛል። ሲቆጣ ዓይኑ እንዴት እንደሚሆን እኔ ነኝ የማውቀው። ዓርብ ዕለት ያንኑ ዓይን አየሁት።» ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። «ደም ነው፣ ልጄ። ደም መንገዱን አይስትም።»

*

ሚኪኤል ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል። ምሥራች ስትገባ ቀና ብሎ አያት።

«ሐበሻ ነሽ? ኦ፣ ታንክ ጋድ።»

«አትደሰት። ቅዳሜ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት የት ነበርክ?»

«ተኝቼ! ናይት ሺፍት ነበርኩ። ላይክ፣ ሄድፎን አድርጌ ነው የምተኛው። እማ እቤት ነበረች፣ ጠይቂያት።»

ምሥራች ፋይሉን ገለጠች።

«ዋት? ምን አለች?»

«ዓርብ ለምን 'እገድልሃለሁ' አልካቸው?»

«ቢኮዝ አንግሪ ነበርኩ! አቦይ፣ አያቴ፣ ጋሻ ሠራልኝ፣ ራይት? ለበርዝደዬ። ግመሉ ምናምኑ፣ በጣም ቆንጆ ነው። ከዚያ መሃሉ ላይ እንዲህ...» በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ሰያፍ መስመር ሳለ። «ይሄ ምንድነው አልኩት። 'ሳይጋቡ የተወለደ ሰው ምልክት ነው፣ ሕጉ ነው' አለኝ። የማን ሕግ? የሞቱ ጣሊያኖች ሕግ! እኔ እኮ ነኝ ሐኪም ቤት የምወስደው። እኔ ነኝ በረዶውን የምጠርግለት። ከዚያ ይሄን ሳለብኝ።»

«ሰበርከው።»

«ሰበርኩት። ሂምን ግን አልነካሁትም።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቃት፤ «እማ መጥታ ነበር?»

«አልመጣችም።»

«ነገ ግን ትመጣለች።»

ጥያቄ ይሁን አይሁን አላወቀችም። በሩን አንኳኩታ አስከፈተችና ወጣች።

*

የጋሽ ሽሻይ ስልክ ላይ ሦስት የድምፅ መልእክት ተገኘ። ሦስቱም ከአንድ ሰው ናቸው፤ ሦስቱም «ይህን የአውሬና የመስቀል ሥዕል ካላቃጠልክ እሳት ይበላሃል» ይላሉ። ሰውየው ወንድም ያቤጽ የሚባል ሰባኪ ነው። ምሥራች እሑድ ከሰዓት በኋላ ጉባኤው ሲበተን አዳራሹ በር ላይ ያዘችው።

«ቅዳሜ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት የት ነበሩ?»

«ባቡር ጣቢያው በር ላይ፣ ወንጌል እየሰበክሁ።»

«ያየዎት ሰው አለ?»

«ማን ያላየኝ አለ? ድምፅ ማጉያ ይዤ!» ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። «ይኸውልሽ፣ እህቴ፣ ቲኬት ሰጡኝ። ሕዝብ ረበሽክ ብለው።»

ቲኬቱ ላይ ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ነው። በዚያ ሰዓት እዚያ ያለ ሰው ማርቲንዴል ደርሶ፣ ገድሎ፣ ተመልሶ ሊሰብክ አይችልም፤ የጣቢያው ጠባቂዎችም በስልክ አረጋገጡላት። «ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ጆሯችን ደንቁሯል» አሏት።

«ፖሊሷ ስትሰጠኝ ረገምኳት» አለ ያቤጽ፣ ቲኬቱን በጥንቃቄ እያጠፈ። «ለካ ምስክሬ ናት።»

«ጋሽ ሽሻይ ለማስፈራሪያው ምን መለሱልዎት?»

«ሳቀብኛ! 'እንድትሰግድለት አይደለም የሣልኩት፤ የማን ልጅ እንደሆንክ እንድታውቅ ነው' አለኝ። ሽማግሌያችን ጋሽ ወልዴ ራሳቸው ለልጃቸው ሰርግ ብለው አሠርተዋል። እሳቸውንም ገሥጫለሁ።»

*

ጋሽ ወልዴ ስካይቪው ራንች ሰፈር ውስጥ ከሰፊ ቤተሰብ ጋር ይኖራሉ። ሰባ ዓመታቸው ነው፤ ካልጋሪ ከመጡ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። ሦስት ልጆች አሏቸው፦ በኩሩ ነቢዩ፣ ካልጋሪ የተወለደው ማትያስ፣ የመጨረሻዋ ፀሎት። ሰርጉ የፀሎት ነው።

«አራት ነው ያዘዝኩት» አለች ፀሎት። «ለአባባ፣ ለነቢዩ፣ ለማትያስ፣ ለእኔ። ጋሼ ሽሻይ ሰርጉ ላይ እንሰቅለዋለን ብሎ... ብለው፣ ሶሪ። ረቡዕ ደግሞ እዚህ ሰፈር ያለው ቤተ መጻሕፍት የስደተኛ ቤተሰቦች ኤግዚቢሽን ይከፍታል። የእኛን ሐረግ ከነልደት ዓመቱ በትልቅ ወረቀት ጽፈው ሊያሳዩ ነበር።»

«ወረቀቱን አይተሽዋል?»

«አላየሁም። ሰርፕራይዝ ነው አሉኝ። አባባን ብቻ ለሁለት ቀን ቁጭ አድርገው ጠየቋቸው።»

ወረቀቱ ምድር ቤቱ ውስጥ የለም። ምሥራች ይህን አልተናገረችም።

ነቢዩ የሻይ ሰሃን ይዞ መጣ። ጸጉሩ ከጎን ሸብቷል፤ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ጫኝ ነው። ሚስቱ ሮማነወርቅ ሁለት ትናንሽ ልጆች ይዛ ከማድ ቤት ብቅ ብላ ሰላምታ ሰጥታ ተመለሰች።

«የተገኘው ሦስት ሰሌዳ ነው» አለች ምሥራች። «የእርስዎ የለም።»

«አልደረሱበት ይሆናል» አለ ነቢዩ። «ምስኪን። አሁንስ ማን ይጨርሰዋል።»

«ማትያስ ላይ ባለ ሦስት እግር ሰማያዊ ነገር አለ። ምንድነው?»

ፀሎት ሳቀች። «ጋሼ ሽሻይ ነግረውኝ ነበር፣ የበኩር ልጅ ምልክት ነው። አባት እስኪሞት ይደረጋል። ማትያስ ላይ ካደረጉት ግን ተሳስተዋል፣ በኩሩ ነቢዩ ነዋ! አርጅተው ነበር እኮ።»

ማንም አብሯት አልሳቀም። ጋሽ ወልዴ የሻይ ብርጭቆአቸውን ያዩ ነበር።

«ጋሽ ወልዴ፣ እዚህ አገር ሌላ ዘመድ አለዎት? ወንድም?»

«ወንድም የለኝም» አሉ፤ ግን ለመመለስ የወሰደባቸው ጊዜ ወንድም የሌለው ሰው የሚፈልገው ጊዜ አልነበረም።

«ቅዳሜ ከስምንት እስከ አሥር?»

«አዳራሽ ወንበር ስንደረድር ነበር» አለ ነቢዩ። «እኔና አባባ።»

«አዎ» አሉ ጋሽ ወልዴ።

*

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ምሥራች ምድር ቤቱ ውስጥ ተመልሳ ቆማለች። ሚኪኤል ሊከሰስ አምስት ሰዓት ቀርቶታል።

የሰውየውን ደብተር ከመሳቢያ አወጣች። የአማርኛ እጅ ጽሑፋቸው እንደ ማተሚያ ቤት የተስተካከለ ነው። ሕጎቹን በአንድ ገጽ ጽፈዋቸዋል፦ «የቤቱ ራስ ጋሻ ምንም አይጨመርበትም። የበኩር ልጅ፣ አባት በሕይወት እያለ፣ ባለ ሦስት እግር አግዳሚ። ሴት ልጅ፣ የአልማዝ ቅርጽ። የታናሽ ወንድም ቤት፣ ዙሪያውን ጠርዝ፤ የሳቮያ ታናሽ ቤት የሆኑት የአኦስታ መሳፍንት ወርቅና ሰማያዊ ጠርዝ እንዳላቸው።»

እኚህ ሰው የሚሳሳቱ አልነበሩም። ስድስት መቶ ጋሻ ግድግዳ ላይ ሥለው አንዱን እንኳ አላረሙም።

ሰሌዳ ሠዓሊ ደግሞ በቀጥታ ሰሌዳ ላይ አይሥልም። አስቀድሞ ወረቀት ላይ ይነድፋል፤ መስመሩን ተከትሎ ወረቀቱን በመርፌ ይበሳዋል፤ ከዚያ ሰሌዳው ላይ ዘርግቶ የከሰል ዱቄት በያዘ ጨርቅ መታ መታ ያደርገዋል። ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ ሥዕሉን በነጠብጣብ ያትመዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ሰሌዳውን ወስዶ ሁሉን የወሰደ ይመስለዋል።

ከመሳቢያው ሥር በክር የታሰሩ የተበሱ ወረቀቶች ነበሩ። እላያቸው ላይ «የወልዴ ቤት፣ አራት» ይላል።

ሦስቱን ከሰሌዳዎቹ ጋር አስተያየች። ተመሳሰሉ። አራተኛውን ነጭ ካርቶን ላይ ዘረጋችና የከሰሉን ጨርቅ መታችበት። ወረቀቱን ስታነሳው መጽሐፉ ታየ፤ ጋሻው ታየ፤ ዙሪያውን ጠርዝ ታየ። ወረቀቱ ላይ የጋሻውን ጠርዝ ተከትሎ በእርሳስ «ወርቅ፣ ሰማያዊ፣ ወርቅ፣ ሰማያዊ» እያለ ይዞራል።

ለሳጅኑ ደወለች።

«በመርፌ የተበሳ ወረቀት አይቼ ልልቀቀው?» አለ።

«አትልቀቀው። ብቻ እስክደውል አትክሰሰው።»

*

ጋሽ ወልዴን የጉባኤው አዳራሽ ውስጥ ብቻቸውን አገኘቻቸው። ካርቶኑን ወንበር ላይ አቆመችላቸው።

«ይሄ የታናሽ ወንድምዎ ጋሻ ነው። ነቢዩ ልጅዎ አይደለም።»

ሽማግሌው የከሰሉን ጠርዝ በጣታቸው ተከተሉ። «አባቴ አቶ ባዘዘው ሲሞቱ ነቢዩ ትንሽ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «አደራ ብለውኛል። እዚህ ለማምጣት የኢሚግሬሽን ሰዎች ወንድም አይሆንም አሉኝ፤ ልጅ ይሆናል አሉኝ። ዕድሜውን በሰባት ዓመት ቀነስን። ያኔ ያላደረገው ማን ነው? ከዚያ እሱ ሚስቱን በዚሁ ስም አመጣ።»

«ያን ሁሉ ዓመት ደብቀው ለጋሽ ሽሻይ ለምን ነገሯቸው?»

«ሐረጌን ጠየቀኝ።»

«ለካናዳ መንግሥት ግን...»

«ለካናዳ ፎርም ነው የሞላሁት፣ ልጄ። ሽሻይ ግን አባቴን ነው የጠየቀኝ። የአባቴን ልጅ የእኔ ልጅ ነው ብዬ እንዴት በሐረጌ ላይ ልዋሽ? በልጅነቴ እስከ ሰባት ቤት ቁጠር ሲሉኝ አንድ ስም ብስት ጅራፍ ነበር።» አቀርቅረው ቀጠሉ። «እንደሚሰቀል አላሰብኩም። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው ብዬ ነው። ማንም አይጽፈውም እንጂ።»

«ቅዳሜ ከእርስዎ ጋር ነበር?»

ሽማግሌው ካርቶኑን ወደ ግድግዳው አዞሩት።

«ጋሽ ወልዴ፣ ስድስት ሰዓት ላይ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ በግድያ ይከሰሳል። አያቱን ገደለ ተብሎ ዕድሜውን ሙሉ ሊታሰር ነው።»

«ወንበሩን» አሉ፤ የተደረደሩትን ወንበሮች እያዩ። «ወንበሩን ብቻዬን ነው የደረደርኩት።»

*

ነቢዩን ከቤቱ ደጃፍ መኪናው ላይ ያለውን በረዶ ሲጠርግ አገኘችው። ሁለት ፖሊሶች ከኋላዋ ቆመዋል። የመኪናውን የኋላ በር ከፈተችው። ወንበሩ ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፏል። ገለጠችው። ከሥሩ እንደ ጋሻ ጠርዝ የተቆለመመ ወርቃማና ሰማያዊ ጭረት፣ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ደርቋል።

«የዘይት ቀለም ነው» አለች። «ቶሎ አይደርቅም።»

ነቢዩ የበረዶ መጥረጊያውን በእጁ እንደያዘ ቆመ። «ጠርተው አሳዩኝ» አለ። «ደስ ብሏቸው ነበር። 'ያንተ ከሁሉም ያምራል፣ የመሳፍንት ጠርዝ ነው' አሉኝ። ወረቀቱን ዘረጉልኝ። የተወለድኩበት ዓመት አለ። የእውነቱ።»

«ከዚያ?»

«ያጥፉልኝ አልኳቸው። ልጅ ብለው ይጻፉልኝ። ለመንኳቸው፣ ተንበረከክሁ። አንድ ጓደኛዬ በዚህ ነገር ደብዳቤ መጥቶለት ዜግነቱን ሊነጠቅ ነው አልኳቸው። 'ለአንድ ፎርም ብዬ አባትህን ከመቃብር አውጥቼ ልጣል?' አሉኝ። ሳቁ።» ዓይኑን ከመኪናው ወንበር አላነሳም። «ድንጋዩ አጠገቤ ነበር። ወደቁ።»

የገደላቸውን ሰው አሁንም አንቱ ይላቸዋል።

«ሰሌዳውንና ወረቀቱን ምን አደረግህ?»

«ሥራ ቦታ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነው።» ከዚያ ወደ ቤቱ መስኮት ዞረ። ሮማነወርቅ ልጆቹን ይዛ ቆማለች። «ይሄ የስሜ ነገር... ሪፖርት ላይ ይገባል?»

«ይገባል።»

«እነሱስ?»

«የገደልክበት ምክንያት እሱ ነው፣ ነቢዩ። እሱን ትቼ ምን እጽፋለሁ?»

ከዚያ ሌላ የጠየቃት ነገር አልነበረም። ካቴናውን አንደኛው ፖሊስ አጠለቀለት።

*

ሚኪኤል ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ተለቀቀ። የሚወስደው ሰው አልመጣም፤ ምሥራች ራሷ ፔንብሩክ ሜዶውስ ድረስ ነዳችው። መንገድ ላይ ማን እንደገደላቸው ስትነግረው እንኳ «ኦኬ» ብቻ አለ።

ሓዳስ በሩን ከፈተች። ስልክ ተደውሎላታል። አንገቱን ልታቅፍ እጇን ዘረጋች፤ እሱ ግን በጎኗ አልፎ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ምሥራች መግቢያው ላይ ጫማዋን ሳታወልቅ ቆመች። መሄድ ነበረባት፤ አልሄደችም።

ልጁ የጉዞ ቦርሳ ይዞ ወጣ።

«የት ነው?» አለች ሓዳስ። «ወደይ፣ ልጄ፣ የት ነው የምትሄደው? ቀብር አለብን እኮ።»

«ቀብሩ ላይ እመጣለሁ። ለአቦይ።»

«እኔ ፈርቼ ነው...»

«ኮፖቹ ሲጠይቁሽ» አለ ሚኪኤል፤ አማርኛውን እየፈለገ፣ ቀስ እያለ፤ «ስንት ደቂቃ አሰብሽ?»

ሓዳስ ምሥራችን አየቻት። ምሥራች ፋይሉን አንብባለች፤ መልሱን ታውቃለች፤ አላገዘቻትም።

«አባትህን ስለማውቀው ነው» አለች ሓዳስ። «አባትህ ሲቆጣ...»

«እኔ እሱን አይቼው አላውቅም። የማውቀው አንቺን ነው። ሃያ ሦስት ዓመት ካንቺ ጋር ነው የኖርኩት፣ እማ። ስንት ደቂቃ?»

«አላሰብኩም» አለች። «ወዲያው ነው የነገርኳቸው።»

ሚኪኤል ራሱን ነቀነቀ፤ የመንገድ አቅጣጫ እንደተነገረው ሰው። የቤቱን ቁልፍ ከቀለበቱ አውጥቶ ጫማ ማስቀመጫው ላይ አኖረ። ቦርሳውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረና ወጣ፤ በሩንም ሳይወረውረው፣ መቀርቀሪያው ቀጭ እስኪል ድረስ ስቦ ዘጋው።